ዊም ቫን ኤስት፦ ቢጫ ማልያ ለብሶ ገደል የገባው ብስክሌተኛ

በኔዘርላንድስ ሄግ ከተማ፣ ሆላንድስ ስፖር ከተባለው የባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ፣ ስኪልደርስዋይክ የሚባል ሰፈር አለ። የስሙ ትርጉም የሠዓሊዎች ሰፈር ማለት ነው። የቱርክ፣ የሞሮኮ፣ የሱሪናምና የሌሎች ብዙ አገሮች ተወላጆች በሚኖሩበት በዚህ ሰፈር ጎዳናዎቹ የተሰየሙት በቀደምት ሠዓሊዎች ስም ነው። ከአደባባዮቹ አንዱ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኖረው በማይንደርት ሆቤማ ይጠራል። ሆቤማ ከሁሉ በላይ የሚታወቀው በ1689 በሣለው አንድ መንገድ ነው፤ ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ የተዘረጋ፣ ግራና ቀኙ ረጃጅም ዛፎች የቆሙበት፣ ዳገትም ቁልቁለትም የሌለው የገጠር መንገድ።

ዛሬም በስኪልደርስዋይክ በብስክሌት የሚያልፍ ሰው የሚጋልበው እንዲህ ባለው ሜዳ ላይ ነው። ከኔዘርላንድስ ምድር ሩብ ያህሉ ከባሕር ወለል በታች ነው፤ በአገሪቱ ያለው ብስክሌት ብዛትም ከነዋሪው ቁጥር ይበልጣል። ከደጋ አገር የመጣ ሰው እዚያ ብስክሌት ሲጋልብ የሚፈትነው ነፋሱ እንጂ ዳገቱ አይደለም። ሆቤማ መንገዱን ከሣለበት ከሚድልሃርኒስ ብዙም በማይርቅ መንደር የተወለደ አንድ ሰው ግን፣ በዚህ ሜዳ ያጎለበተውን እግር ይዞ ወደ ፈረንሳይ ተራሮች ወጣ። በዚያም አንድ ቀን አገሩን አኮራ፤ በማግሥቱ ደግሞ ገደል ገባ። ሰውየው ዊም ቫን ኤስት ይባላል።

ከድንበር ንግድ ወደ ውድድር

ዊለም ቫን ኤስት፣ ሰው ሁሉ እንደሚጠራው ዊም፣ የተወለደው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መጋቢት 25 ቀን 1923 በሰሜን ብራባንት ክፍለ ሀገር፣ ፋይናርት በተባለች መንደር ነው። (በዚህ ጽሑፍ ሌሎቹም ቀናትና ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) 16 ልጆች ባሉበት ቤተሰብ ውስጥ ነበር ያደገው። ያን ያህል አፍ በሚመገብበት ቤት ልጅ ሁሉ ገና ሳይጠና ሥራ ፍለጋ መውጣቱ የተለመደ ነበር።

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ በኔዘርላንድስ ብዙ ነገር እጥረት ነበረበት። ለቤልጂየም ድንበር ቅርብ በሆኑት በእነዚያ መንደሮች ትንባሆን በኮንትሮባንድ ማሻገር የብዙ ሰው መተዳደሪያ ሆኖ ነበር። ቫን ኤስትም ከእነዚህ አሻጋሪዎች አንዱ ሆነ። በመጨረሻም ተይዞ ታሰረ። ብስክሌት ለእርሱና ለመሰሎቹ መጀመሪያ ከመንደር መንደር መድረሻ፣ ዕቃ መጫኛና የእንጀራ መፈለጊያ መሣሪያ ነበረ፤ ውድድር የሚባለውን ነገር ያወቀው ዘግይቶ ነው። ሌሎች ገና በልጅነታቸው በአሠልጣኝ ሥር ሆነው የሚማሩትን እርሱ በጉልምስናው ራሱን እያስተማረ ደረሰበት።

በ1950 ግን ስሙ ከአገሩ ውጭ ተሰማ። በዚያ ዓመት ከደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ከቦርዶ ተነሥቶ ፓሪስ የሚያልቀውን ውድድር አሸነፈ። ይህ ውድድር ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው፣ በሌሊት የሚጀመርና ያለ ዕረፍት በአንድ ጉዞ የሚጠናቀቅ ነበር። ተወዳዳሪዎቹ የመንገዱን ከፊል የሚጋልቡት ፊት ፊታቸው ከሚሄድ አነስተኛ ሞተር ብስክሌት ኋላ ተጠግተው፣ ነፋሱን በእርሱ እየተከለሉ ነበር። ከፍጥነት ይልቅ ጽናት፣ ከብልጠት ይልቅ ትዕግሥት የሚጠይቅ ውድድር ነበር። ቫን ኤስትን የሚመስል ሰው የሚያሸንፈው ዓይነት ነበር። የአገሩ ሰዎችም ኋላ ላይ ብረቱ ዊለም የሚል ቅጽል ስም አወጡለት።

አንድ ቀን የተለበሰ ማልያ

ቱር ደ ፍራንስ ለሦስት ሳምንት ያህል በየቀኑ የሚካሄድ የብስክሌት ውድድር ነው። በየዕለቱ የሚጋለበው መንገድ አንድ ዙር ይባላል፤ ለየዙሩ አሸናፊ አለው። ዋናው ፉክክር ግን በጠቅላላ ሰዓት ነው። የሁሉም ዙሮች ሰዓት ተደምሮ በአነስተኛ ጊዜ የጨረሰው ተወዳዳሪ ቀዳሚ ይሆናል። ይህ ሰው ከሌሎች ተለይቶ እንዲታወቅ ከ1919 ጀምሮ ቢጫ ማልያ ይለብሳል። ቀለሙ የተመረጠው ውድድሩን ያዘጋጅ የነበረው ጋዜጣ በቢጫ ወረቀት ይታተም ስለነበር ነው። በዘመናችን ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በ2024 በዙሮች ነጥብ ቀዳሚ ለሚሆን ተወዳዳሪ የሚሰጠውን አረንጓዴ ማልያ አሸንፏል።

የ1951 ቱር ደ ፍራንስ ሐምሌ 4 ቀን በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ ከምትገኘው ከሜትስ ከተማ ተጀመረ። 24 ዙሮችና ከ4600 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነበረው። በዚያ ዘመን ተወዳዳሪዎች የሚሰለፉት እንደ ዛሬው በኩባንያዎች ቡድን ሳይሆን በአገራቸው ስም ነበር። የኔዘርላንድስን ቡድን የሚመራው ኬስ ፔለናርስ ነበር፤ እርሱም ራሱ በ1934 በአማተሮች የዓለም ሻምፒዮን የነበረ ሰው ነው። ኔዘርላንድስ ለዚህ ውድድር ቡድን መላክ ከጀመረች 15 ዓመት ቢሆናትም፣ ከልጆቿ አንድም ሰው ቢጫውን ማልያ ለብሶ አያውቅም ነበር።

12ኛው ዙር ሐምሌ 16 ቀን ከአዣን ወደ ዳክስ ተካሄደ። መንገዱ ተራራ የሌለበት ነበር። አሥር ተወዳዳሪዎች ከዋናው ቡድን ተነጥለው ሄዱ። ከታላላቅ ተራሮች በፊት ባለው ቀን ዋነኞቹ ተፎካካሪዎች ጉልበታቸውን መቆጠባቸው የተለመደ ነው፤ ስለዚህ አሥሩ እየራቁ፣ የጊዜ ልዩነቱም እየሰፋ ሄደ። ዳክስ ሲደርሱ ቫን ኤስት ዘጠኙን ቀድሞ የዕለቱን ውድድር አሸነፈ። ሰዓቱ ሲደመር ደግሞ ለቀናት ቢጫውን ማልያ ይዞ የቆየውን ፈረንሳዊውን ሮዤ ሌቬክን በልጦ ተገኘ።

በኔዘርላንድስ የቴሌቪዥን ሥርጭት የተጀመረው በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ስለሆነ፣ ሕዝቡ ወሬውን የሰማው በራዲዮና በጋዜጣ ነው። ትላንት በትንባሆ ታስሮ የነበረ የገጠር ልጅ በዓለም ትልቁን የብስክሌት ውድድር ይመራ ጀመር። በማግሥቱ የሚጠብቀው ግን የሜዳው አገር ሰው በቤቱ ሊለማመደው የማይችለው ነገር ነበር።

የኦቢስክ ቁልቁለት

ሐምሌ 17 ቀን 1951፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሐምሌ 10 ቀን 1943 ዓ.ም.፣ 13ኛው ዙር ከዳክስ ወደ ታርብ ጉዞውን ጀመረ። መሐል ላይ የፒሬኔ ተራሮች ነበሩ፤ ከእነርሱም ኦቢስክ የተባለው መሻገሪያ። ኦቢስክ 1709 ሜትር ከፍታ አለው። ቁጥሩ ብቻውን ሲታይ ከአዲስ አበባ ከፍታ ያንሳል። አስቸጋሪ የሚያደርገው ከታች ካለው ሸለቆ ተነሥቶ ከ1000 ሜትር በላይ ያለማቋረጥ የሚወጣ መሆኑ፣ ቁልቁለቱም እንዲሁ መርዘሙ ነው። ከጎሃ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ፣ ከዚያም ወደ ደጀን የወጣ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይገምተዋል። በኦቢስክ ምሥራቃዊ ገጽታ መንገዱ በገደሉ ወገብ ላይ የተቀረጸ ጠባብ እርከን ነው። በአንድ ወገን ቋጥኝ፣ በሌላው ወገን ባዶ አየር ነው። በዚያ ዘመን በገደሉ አፋፍ ላይ መከለያ አልነበረም።

ቫን ኤስት ዳገቱን ሲወጣ ወደኋላ ቀረ። ከባድ ሰውነት ያለው ጠንካራ ጋላቢ በሜዳ የሚጠቅመው ጉልበት በዳገት ላይ ይከብደዋል። ተራራ የለመዱት ተፎካካሪዎቹ ቀድመውት ጫፉ ላይ ሲደርሱ፣ ማልያውን ማዳን የሚችለው በአንድ መንገድ ብቻ እንደሆነ ግልጽ ነበር፤ በቁልቁለቱ መድረስ ነበረበት።

ቁልቁለት ግን በድፍረት ብቻ አይወረድም። ወዴት አቅጣጫ መያዝ እንዳለበት፣ ፍሬን መቼ መያዝ፣ መቼ መልቀቅ እንዳለበት፣ ሰውነትን ወደየት ማዘንበል እንደሚገባ የሚታወቀው በልምምድ ነው። ከእርጥብ ቸርኬ ላይ ፍሬን ይንሸራተታል፤ በመታጠፊያ ላይ ፍሬን አጥብቆ የያዘ ሰው ደግሞ ጎማው ያመልጠዋል። ለጥ ባለ አገር ያደገ ሰው ይህን የሚማርበት ቦታ የለውም። ተራራ ላይ የተወለደ ልጅ ትምህርት ቤት ሲመላለስ የሚለምደውን ነገር ቫን ኤስት የተጋፈጠው በ28 ዓመቱ፣ ውድድር እየመራ ነው።

ከቀለጠ በረዶ የወረደ ውኃ መንገዱን አርጥቦት ነበር። ቀድመው ያለፉት መኪኖች ስለታም ድንጋዮችን በመንገዱ ላይ በትነዋል። አንድ መታጠፊያ ላይ የፊት ጎማው ከድንጋይ ጋር ተጋጨ፤ ቫን ኤስትም ከነብስክሌቱ ከመንገዱ ወጥቶ ወደ ገደሉ ወደቀ። እግሮቹ ከፔዳሉ ማሰሪያ ወጡ፤ ብስክሌቱ ከእርሱ ተለየ፤ እርሱም እየተንከባለለ ወረደ። ያቆመው ከገደሉ ጎን ወጣ ያለች፣ ከወንበር መቀመጫ የማትበልጥ ደልዳላ ቦታ ነበረች። አንድ ሜትር ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ቢሆን ኖሮ ከሥሩ ያለው ጥልቅ ገደል ይጠብቀው ነበር።

የአርባ ጎማ ገመድ

ሌሎች ተወዳዳሪዎች ከላይ በመንገዱ ላይ ሲያልፉ እርሱ ከታች ያያቸው ነበር። ቁርጭምጭሚቱና ክርኑ ተጎድቷል፤ ሰውነቱ ተላልጧል፤ አጥንቱ ግን አልተሰበረም። ራሱ ለመውጣት ሞከረ። አፈሩ ከእጁ ሥር እየተናደ ወደ ነበረበት መለሰው። የኔዘርላንድስ ቡድን መኪና ደረሰ። መኪናው ውስጥ የነበረው መጎተቻ ገመድ ወደታች ሲወረወር አጠረ።

በዚያን ጊዜ ያሉት ሰዎች በእጃቸው ያለውን ነገር ተጠቀሙ። የውድድር ብስክሌት ጎማ በዘመኑ የውስጡ ካላማዳሪ ከውጪው ጎማ ጋር አንድ ላይ የተሰፋ፣ ቀጭን ቱቦ የሚመስል ነበር፤ በቸርኬው ላይ በማጣበቂያ ይለጠፋል፤ ቡድኑም ብዙ መለወጫ ይዞ ይጓዛል። አርባ ያህል ጎማዎች እርስ በርሳቸው ታስረው ከገመዱ ጋር ተቀጠሉ። ቫን ኤስት ያንን ይዞ ወደላይ ተጎተተ። መንገዱ ላይ ሲደርስ በሰዎች ተደግፎ አለቀሰ፤ ያ ልቅሶ በፎቶግራፍ ተይዞ እስከ ዛሬ ይታያል።

ቫን ኤስት ወደ ብስክሌቱ ተመልሶ መጋለብ ፈልጎ ነበር። አልተፈቀደለትም። ጎማዎቹ ደግሞ በክብደቱ ተለጥጠው ቸርኬ ላይ መቆም የማይችሉ ሆነው ነበር። ፔለናርስ መላውን የኔዘርላንድስ ቡድን ከውድድሩ አወጣ። አንድ ሰው ለማዳን የዋለው ዕቃ የቡድኑ መጓዣ ነበርና፣ ያልወደቁት ጓደኞቹም ከእርሱ ጋር ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከቡድኑ አንዱ ሲወድቅ ሌሎቹ እንዲቀጥሉ የሚጠበቅበት ስፖርት ነውና ውሳኔው ያልተለመደ ነበር። ቱር ደ ፍራንስ ያለ ኔዘርላንድሳውያን ቀጥሎ በስዊዘርላንዳዊው ሁጎ ኮብሌት አሸናፊነት ተጠናቀቀ።

የቆመ ልብ፣ ያልቆመ ሰዓት

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ቫን ኤስት ራሱ ያልጠበቀው ነበር። ማልያውን ባገኘበት ቀን ካተረፈው ዝና ይልቅ ባጣበት ቀን ያተረፈው በለጠ። በእጁ አስሮት የነበረው ፖንቲያክ የተባለ ሰዓት ከውድቀቱ በኋላም መሥራቱን አላቆመም ነበርና፣ ኩባንያው ይህንኑ ማስታወቂያ አደረገው። ማስታወቂያው ቫን ኤስት 70 ሜትር ወደታች ሲወድቅ ልቡ ቆማ ሰዓቱ ግን መሄዱን እንዳላቆመ በግጥም መልክ ይናገር ነበር። በኔዘርላንድስ ልጅ አዋቂው የሚያውቀው አባባል ሆነ።

ሰባ ሜትር የሚለው ቁጥር ከማስታወቂያው ጋር አብሮ ኖረ። ቫን ኤስት ራሱ ኋላ ሲተርከው ግን የወደቀው 20 ሜትር ያህል ነው ይል ነበር። የቁጥሩ ልዩነት ታሪኩ ከባለቤቱ እጅ ወጥቶ የሕዝብ እንደሆነ ያሳያል። ቫን ኤስትም አልተቃወመውም። በየሄደበት ስለ ገደሉ ይጠየቅ ነበር፤ እርሱም ሳይሰለች ለ50 ዓመት ያህል ተረከው። ለአንድ ድሃ ገበሬ አገር ልጅ ይህ ዝና የገቢ ምንጭም ነበረ፤ በውድድር ላይ እንዲታይ የሚከፈለው ሰው ስሙ የታወቀ ሰው ነውና።

ነገሩ በአንድ በኩል ፍትሐዊ አይመስልም። ቫን ኤስት ከውድቀቱ በኋላ ያከናወነው ሥራ ብዙ ነው። በ1952 የቦርዶ ፓሪስን ውድድር በድጋሚ አሸነፈ። በ1953 በቤልጂየም የሚካሄደውን ታላቁን የፍላንደርስ ውድድር ያሸነፈ የመጀመሪያው ኔዘርላንድሳዊ ሆነ። ያ ዓመት ለአካባቢው የሐዘን ዓመት ነበር፤ በየካቲት ወር የባሕር ግድቦች ተሰብረው ደቡብ ምዕራብ ኔዘርላንድስን ባጥለቀለቀው ጎርፍ ከ1800 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ የትውልድ መንደሩ አካባቢም ከተጎዱት አንዱ ነበር። በዚያው ዓመት በቱር ደ ፍራንስ ሌላ ዙር አሸነፈ፤ በፔለናርስ የሚመራው የኔዘርላንድስ ቡድንም በቡድን ውጤት አንደኛ ወጣ። ከሁለት ዓመት በፊት በተለጠጡ ጎማዎች ምክንያት ወደ ቤቱ የተመለሰው ቡድን መሆኑ ነው።

በ1954 ሦስተኛ የቱር ደ ፍራንስ ዙሩን አሸነፈ። በ1956ና በ1957 የአገሩ የጎዳና ሻምፒዮን ሆነ። ቢጫውን ማልያ ደግሞ በ1955ና በ1958 መልሶ ለብሶታል፤ በሁለቱም ጊዜ ገደል አልገባም፤ ስለዚህም ይመስላል ብዙ ሰው አያስታውሰውም። በ1961፣ በ38 ዓመቱ፣ ያንን ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ የቦርዶ ፓሪስ መንገድ ለሦስተኛ ጊዜ አሸነፈ። ከታናናሾቹ አንዱ የሆነው ፒት ቫን ኤስትም የእርሱን ፈለግ ተከትሎ ብስክሌተኛ ሆኗል።

ማልያው ወደ ከተሞች ሲመጣ

ከኦቢስክ ውድቀት ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1954፣ ቱር ደ ፍራንስ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈረንሳይ ውጭ ተጀመረ፤ መነሻውም አምስተርዳም ነበረች። የዚያን ቀን ያሸነፈውና ቢጫውን ማልያ የለበሰው ቫን ኤስት ከኖረበት ከሲንት ዊለብሮርድ መንደር የወጣው ዎውት ዋግትማንስ ነው። በ1973 ውድድሩ የሄግ ከተማ አካል በሆነችው በባሕር ዳሯ ስኬቬኒንገን ተጀምሮ፣ የመክፈቻውን ፉክክር ሄግ የተወለደው ዮፕ ዙተሜልክ አሸነፈ። በ2010 ደግሞ ተራው የሮተርዳም ሆነ። ውድድሩን በጠቅላላ ያሸነፈ የመጀመሪያው ኔዘርላንድሳዊ በ1968 ያን ያንሰን ሲሆን፣ በ1980 ዙተሜልክ ተከተለው። እነዚህ ሁሉ ሲዘረዘሩ ግን የአገሬው ሰው መጀመሪያ የሚያነሣው አንድ ቀን ብቻ ለብሶ የጣለውን ሰው ነው።

ምክንያቱን መገመት አይከብድም። ቫን ኤስት በዚያ ቁልቁለት ፍጥነቱን ቀንሶ ማልያውን ያለ አደጋ ማስረከብ ይችል ነበር። ማንም አይወቅሰውም፤ የሜዳ ሰው በተራራ መሸነፉ የሚጠበቅ ነውና። እርሱ ግን የማያውቀውን ቁልቁለት እንደሚያውቀው ሆኖ ወረደ። ስህተት ነበር፤ ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችል የነበረ ስህተት። ሰዎች የወደዱት ስህተቱን ሳይሆን፣ ማልያውን የሚያህል ነገር በእጁ የገባ ድሃ ሰው ያለ ትግል ሊለቀው አለመፍቀዱን ነው። ከገደሉ ሲወጣ የታየው ልቅሶም የሕመም ብቻ አልነበረም።

ቫን ኤስት በ1965 ከውድድር ተሰናብቶ በሲንት ዊለብሮርድ ኖረ። ሐምሌ 17 ቀን 2001፣ ልክ በ50 ዓመቱ፣ በኦቢስክ ቁልቁለት በወደቀበት ቦታ የመታሰቢያ ሰሌዳ ተተከለ። የመታሰቢያ ሰሌዳ ብዙ ጊዜ የሚቆመው ሰው በሞተበት ቦታ ነው፤ ይህኛው የቆመው ሰው ባልሞተበት ቦታ፣ ባለታሪኩም በሕይወት ሳለ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 1 ቀን 2003፣ ዊም ቫን ኤስት በ80 ዓመቱ አረፈ። ዛሬ ኦቢስክን በብስክሌት የሚሻገሩ ሰዎች በዚያ መታጠፊያ ላይ ቆመው ወደታች ይመለከታሉ፤ ከዚያም ፍሬናቸውን እየነካኩ በዝግታ ይወርዳሉ።